አደይ ያለችው ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ ነው

በመስቀል ማግስት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አደይ አበባ ሊያሳያቸው ከከተማ ወጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነድቶ፣ ምንም ሳያዩ ተመልሰዋል። «አለቀች እንዴ?» አለኝ፤ የምሩን ደንግጧል። በየት በኩል እንደሄዱ ጠየቅኩት። በዋናው አስፋልት። የት የት ቆሙ? ነዳጅ ማደያና ምሳ ቤት። ልጆቹስ? ከኋላ ወንበር ላይ፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው።

አላለቀችም። ግን የወዳጄ ስጋት ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለእሷ ሰጥቻለሁ። ጥቅምት ገና መግባቱ ነው። አንድ ነፃ ቅዳሜ ካላችሁ ዘንድሮም ትደርሱባታላችሁ።

መጀመሪያ የት እንደምትኖር እንወቅ። በፖስት ካርድና በቴሌቪዥን ስናያት መስኩን ሁሉ የሞላች ስለምትመስል፣ ከከተማ እንደወጣን የምትቀበለን ይመስለናል። አደይ ግን የዳር አበባ ናት። ገበሬው ባረሰው መሬት ላይ ከበቀለች አረም ስለሆነች ትነቀላለች። ከብት ዓመቱን ሙሉ በሚውልበት ግጦሽ ላይ ደግሞ ለማበብ ፋታ አታገኝም። የሚቀርላት የማሳ ድንበር፣ ድንጋያማ ተዳፋት፣ የካብ ሥር፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና የመንገድ ዳር ነው። ሰፊ አስፋልት ሲሠራ ደግሞ ዳሩ ይቆረጣል፣ ቦይ ይወጣለታል፣ ጠጠር ይደፋበታል። እግረኛ፣ አህያና ጋሪ የሚመላለሱበት ጠባብ መንገድ ግን መሃሉ ቢረገጥም ዳርና ዳሩን የሚነካው የለም። ለዚህ ነው ዋናውን መንገድ ትታችሁ ወደ ውስጥ መታጠፍ ያለባችሁ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው ደግሞ ብትኖርም አያያትም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሌላም ምክንያት አለ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ እንጦጦንና አካባቢውን ሸፍኖታል። ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነውና ውለታውን አልክድም። ከሥሩ ግን ብዙ ነገር አይበቅልም። እንጦጦ ለመሄድ ካሰባችሁ ጥቅጥቅ ያለውን ደን አልፋችሁ ዛፉ ሳሳ ወዳለበት ገላጣ ወይም በሱሉልታ በኩል ወዳለው ቁልቁለት ተጠጉ። በመናገሻ ሱባ ደን በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያስወጣው መንገድም ለግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃል፤ በዚያውም አገር በቀል ጽዱን ለልጆቻችሁ ታሳያላችሁ።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። አበባዪሆሽ የሚባለው፣ አደይ ከቄጠማ ጋር በየመንገዱ የሚሸጠው ለእንቁጣጣሽ ስለሆነ ከፍታው የዚያን ሰሞን ይመስለናል። ለበዓል የገዛችሁትን እቅፍ አስታውሱት፤ ግማሹ ገና እንቡጥ አልነበረም? ዋናው ጊዜዋ ክረምቱ ጋብ ካለ በኋላ፣ ከመስቀል ሰሞን እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ ትንሽ ቆየት ትላለች። ወዳጄ እንግዲህ በጊዜ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በመንገድ ነው።

አሁን ቅር እንዳይላችሁ እንጂ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓምና በቢጫ አበባ መሃል ቆማችሁ የተነሳችሁት፣ ሳሎን የሰቀላችሁት ያ የሚያምር ፎቶ ምናልባት የአደይ ላይሆን ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት ደጋው ላይ ቢጫ የሚያብበው ብዙ ነው። ማሳው ወጥ ሆኖ፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ከሆነ ኑግ ነው፤ ገበሬው ለዘይት የዘራው። አበባው አራት ቅጠል ብቻ ካለውና እንደ መስቀል ከተሠራ ጎመን ዘር ነው። በጣም የሚያሳስተው ግን መጭ ነው። መጭ ሳይዘሩት ይበቅላል፣ እርጥብ መሬት ይወዳል፣ አበባው ከሩቅ አደይን ቁርጥ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እንደሚሉት ኑግ የተገኘው ከዚሁ ከመጭ ነው፤ ገበሬዎቻችን ከብዙ ዘመን በፊት አላምደውት ማለት ነው። ስለዚህ መጭ ናቀው የሚባል ተክል አይደለም፤ የኑግ እናት ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? አበባውን ተዉትና ቅጠሉን እዩ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የካሮት ቅጠል ይመስላል። የመጭ ቅጠል ሙሉ ነው፤ ሲዳስሱት ይሻክራል። ይህን ለልጆቻችሁ አንዴ ብቻ አሳዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ እናንተን ማረም የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። የእኔዋ ትንሿ ልጅ አክስቷ በሠርግ አልበሟ ውስጥ ያስገባችውን ፎቶ አጉልታ አይታ «ይሄ መጭ ነው» ብላ ድግስ አበላሽታለች።

ለነገሩ አደይ ራሷም አንዲት ብቻ አይደለችም። በአንድ ስም የምንጠራቸው የተቀራረቡ ዝርያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጎረቤት አገሮችም ይበቅላሉ። ልብስ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረን ጨጎጎትም የቅርብ ዘመዷ ነው። ስታዲየም በስሟ የተሰየመላት አበባ ከጨጎጎት ጋር ትዛመዳለች ስል ብዙ ሰው ያስቃል።

እንግዲህ መንገዱ። ለአንድ ሙሉ ቀን የምመርጠው የወንጪን ዙር ነው። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጋችሁ አምቦ ትደርሳላችሁ፤ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ተራራውን ትወጡና በወንጪ ሐይቅ አናት አልፋችሁ ወሊሶ ትወርዳላችሁ። ከአምቦ ወሊሶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወሊሶ በጅማ መንገድ ትመለሳላችሁ። በሄዳችሁበት አትመለሱም፤ ይህ ልጆች ለያዘ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ «ይሄንን አይተነዋል» የሚል ድምፅ ከኋላ አይመጣም።

የዚህ መንገድ ውበቱ ከፍታው ሲለወጥ አበባውም አብሮ መለወጡ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ታች ጤፍና ኑግ ነው። ትንሽ ከፍ ስትሉ እሾሃሙ ኮሸሽላ ቀይ አበባውን አውጥቶ አጥር ላይ ታገኙታላችሁ፤ ቀዩ ኮሸሽላ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር አይበቅልም። ብርቱካናማ ክቦቹን እንደ ዶቃ በአንድ ዘንግ ላይ የደረደረው ራስ ክምር ነው። በረግረጉ መስክ ላይ መሬቱን ሐምራዊ ያደረገውን ትንሽ አበባ ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ ማገጥ ነው፤ ከብቱም ንቡም ይወዱታል። ወደ አናቱ ስትቃረቡ እንሰትና ገብስ ይመጣል፤ አስታ ይጀምራል፤ አምጃ ትልልቅ ቢጫ አበባውን ይዞ ብቅ ይላል። ልጆች አምጃን አደይ ካሏችሁ አትፍረዱባቸው፤ ግን አምጃ ቁጥቋጦ ነው፤ አደይን ለማየት ትጎነበሳላችሁ፤ አምጃን ለማየት ቀና ትላላችሁ። ቀጋም ጠይቁ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ያለችው ብቸኛ አገር በቀል ጽጌረዳ እሷ ናት፤ ለእረኛ ልጆች ደግሞ ፍሬዋ ከረሜላቸው ነው።

ሐይቁን አልተርክላችሁም፤ ስታዩት ይበቃችኋል። ለመውረድ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ።

እኔ ግን በየዓመቱ የምታጠፍበትን ትንሿን ጥርጊያ መንገድ አልነግራችሁም። ክፋት አይደለም፤ ምክንያቱን ስትሰሙ የምትረዱኝ ይመስለኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከጊንጪ አለፍ ብለን ከዋናው መንገድ ተገነጠልንና አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ዳገቱ በሙሉ አደይ ነበር። ልጆቹ በር ሳይዘጉ ወረዱ። ማንም አልከለከላቸውም፤ እኔም አብሬ ቀጠፍኩ። መሬቱ ከዝናቡ ገና አልደረቀም ነበርና ሳብ ስናደርጋት ከነሥሯ ተከትላ ትመጣለች። የመኪናውን የኋላ ሳጥን ሞላነው። ለአያታቸው፣ ለአስተማሪያቸው፣ ለጎረቤት እያሉ ያከፋፍላሉ። ሆለታ ሳንደርስ ጠወለገች። ቤት ስንገባ አንገቷን ደፍታ፣ ቅጠሏ ተጨማዶ፣ ውሃ ብናደርግላትም አልተነሳችም። በማግስቱ ጠዋት በሁለት ፌስታል ለቆሻሻ ወጣች።

ዓምና ወደዚያው ኩርባ ተመለስን። ልጆቹ ከአምስት ደቂቃ በፊት ጀምሮ መስኮት ላይ ተለጥፈዋል። ኩርባው ላይ የጠጠር ክምር አለ። ዳገቱ ተቆርጧል፣ ቦይ ተቆፍሯል፣ ቀይ አፈር ብቻ። አንድም አደይ የለም።

«እኛ ስለነቀልናት ነው?» አለች ትንሿ።

አይደለም፤ መንገዱ እየሰፋ ስለሆነ ነው አልኳት። እውነትም ነው። ግን በሙሉ ልቤ አላልኩትም። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። እንደ ጽጌረዳ ከግንዷ ተመልሳ አታቆጠቁጥም፤ የዚህ ዓመቷ ትሞታለች፣ የሚቀጥለው ዓመቷ የምትመጣው ከረገፈው ፍሬ ብቻ ነው። ፍሬው በጋውን መሬት ላይ ከርሞ ክረምት ሲገባ ይበቅላል። በአበባዋ ከነቀልናት የዚያችን ብቻ ሳይሆን የከርሞዋንም ወስደናል። ዳገቱ ባይቆረጥ ኖሮ ስንት ይቀር ነበር? ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ሳጥን፣ የእኛም ጭምር ሲደመር? ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ ቦይ አጠገብ ቆሜ አስረዳኋት። ዝም አለች። ዝም ማለቷ ከማልቀሷ ባሰብኝ።

መኪናውን እዚያው ጥግ አስይዘን በእግራችን ወደ ላይ ወጣን። ብዙም አልራቅንም፤ አንድ የገብስ ማሳ ጋ ስንደርስ ድንበሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ነው። ገብሱ ውስጥ አንድም የለችም፤ ድንበሩ ላይ ግን ሰው ሆን ብሎ የተከላት ይመስል ጥቅጥቅ ብላለች። ባለማሳው ሽማግሌ ብቅ አሉና ከሰላምታ በኋላ አማርኛውን ቀስ እያሉ አናገሩን። እሳቸው ኬሎ ነው የሚሏት፤ በኦሮምኛ ስሟ ይህ ነው። በኢሬቻ ሕዝቡ ከእርጥብ ሣር ጋር ይዟት የሚወጣው እሷን ነው።

«አባባ፣ አረም አይደለችም እንዴ?» አልኳቸው።

«ገብሱ ውስጥ ስትሆን አረም ናት» አሉ። «እዚህ ስትሆን ለንቦቼ ናት።»

ከቤታቸው ጀርባ የተንጠለጠሉትን ቀፎዎች አሳዩን። ለካ እሳቸው ድንበሩን የማያጭዱት፣ ከብትም የማያስገቡት ንቦቹ እስኪጠግቡ ነው። በደጋው ማር የሚቆረጠው ከዚህ አበባ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው፤ በየገበያው «የአዲስ ማር» የምንለው ቢጫ ማር ውስጥ አደይም መጭም ኑግም አሉበት። ልጄ አንዲት እንኳ አልቀጠፈችም። አባባ ግን ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ «ኅዳር ላይ ለማሩ ኑ፤ ያኔ የደረቀውን ራሷን ውሰጂ» አሏት።

ሄድን። ማር ገዛን፤ ውድ ነበር፣ አልተከራከርኩም። ልጄ ደግሞ የደረቁትን ራሶች በእጇ እያሸች ጠፍጣፋ ቀጫጭን ፍሬዎች በፖስታ ሰበሰበች። ግማሹን እዚያው ድንበሩ ላይ እንድትበትን አባባ ነገሯት፤ በተነች።

ለዚህ ነው የመንገዱን ስም የማልነግራችሁ። የእናንተን መንገድ ግን ራሳችሁ ታገኛላችሁ፤ ከባዱ ነገር መታጠፉ ብቻ ነው። ስትታጠፉ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ልጆቻችሁ መቅጠፍ ከፈለጉ፣ ይፈልጋሉም፣ አንዳንድ ዘንግ በምላጭ ወይም በመቀስ ቆርጣችሁ ስጧቸው፤ ከነሥሯ እንዳይስቧት። ብዙ ካለበት ብቻ። አነስተኛ የውሃ ጠርሙስ መኪና ውስጥ ያዙና እዚያው ክተቷት፤ ያለዚያ እንደ እኛ ፌስታል ነው የምትሞሉት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ደግሞ ኑግ ማሳ ውስጥ ገብቶ ፎቶ መነሳት ነው። ያ ሰው የዓመት ዘይቱን ነው የዘራው። አንድ የሠርግ አጀብ መሃሉ ድረስ ገብቶ ሲወጣ የሚተወው የተሰበረ መንገድ አለ፤ አይቼዋለሁ። ባለቤቱን ጠይቁ፣ ዳሩ ላይ ቁሙ፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ያስቆማችሁትን ሰው በባዶ እጅ አትሸኙት። አጠገቡ ቀፎ ካለ ደግሞ ሽቶ ተቀብቶ መግባት ራስን ለንብ መጥራት ነው።

የቀረው እንኳ የምታውቁት ነው። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ደመና ይወርዳል፣ የጥቅምት ጥላ ደግሞ ያንዘፈዝፋል፤ ጃኬት አትርሱ። ዝናብ ባደረ ማግስት ጥርጊያ መንገድ ውስጥ በቤት መኪና አትግቡ፤ ጭቃው ጥቁር አፈር ከሆነ ትራክተር ካልሆነ የሚያወጣችሁ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን እዚያ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ «እንዲህ ነው አሉ» በሚል ወሬ ቤተሰብ ይዞ አይወጣም። መሸት ሳይል ወደ አስፋልቱ ተመለሱ። ኩርባ ላይ አትቁሙ። ቆሎና ዳቦ ይበቃል፤ ምሳ ቤት ፍለጋ አበባውን ከማለፍ ያድናል። ስልኩን ደግሞ ለልጆቹ ስጧቸው፣ ግን ሥራ ጨምራችሁ፦ ቅጠሉን እንጂ አበባውን ብቻ አታንሱ በሏቸው። ማታ ቤት ተሰብስቦ አደዩንና መጩን መለየት የራሱ ጨዋታ አለው።

ያቺ ፖስታ ምን ሆነች ለምትሉኝ፦ ሰኔ ላይ ልጄ በረንዳችን ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በሦስት የቀለም ባልዲ አፈር ሞልታ ዘራቻት። ባልዲዎቹን ከሥር የበሳላት አባቷ ነው። ሐምሌ ላይ በቀለች። ነሐሴ ላይ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ በረንዳው ላይ ቆም አለችና «ካሮታችሁ መቼ ነው የሚደርሰው?» አለችን። ለእንቁጣጣሽ እንቡጥ ብቻ ነበረች፤ ጎረቤቶቻችን አንድ አንድ ዘንግ እንድንሰጣቸው ቢጠይቁም ባለቤቷ እምቢ አለች። የመጀመሪያዋ መስከረም 19 ቀን ጠዋት ተከፈተች። ይህን ስጽፍ 14 ደርሰዋል፤ ከየት እንደመጣች የማላውቃት አንዲት ንብ በየቀኑ ትመላለሳለች።

መቅጠፍ እስከ ኅዳር ክልክል ነው። ፖስታው ግን ከአሁኑ ተዘጋጅቶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። በላዩ ላይ በእርሳስ «የአባባ ድንበር» ተብሎ ተጽፎበታል።